ከመወጣጫ ላይ አምፔር መለወጥ፦ ለኢንቨርተር ብየዳ ማሽን በድሬዳዋ የተሠራ የርቀት መቆጣጠሪያ

የሥራው ሁኔታ

ጉዳዩ የተከሰተው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ወርክሾፑ በርና መስኮት ከመሥራት አልፎ የመጋዘን ጣሪያ ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከም የብረት መዋቅር) ተኮናትሮ ይገጥማል። እኔ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና የምተዳደር ስሆን፣ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ወርክሾፑ የብየዳ አምፔርን ከርቀት ለመለወጥ ቀደም ብሎ በራሱ የሞከረው መቆጣጠሪያ ማሽኑን ካበላሸው በኋላ ነው። የመጣሁት ለጥገና ነበር፤ ባለቤቱ ግን ማሽኑ እንዲጠገንለት ብቻ ሳይሆን ያሰበው ነገር በትክክል እንዲሠራለትም ፈለገ።

በጊዜው የተያዘው ሥራ የአንድ መጋዘን ጣሪያ ነበር። ትራሶቹ የግድግዳ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦላሬ የተሠሩ ሲሆን፣ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ የሚቀመጡባቸው ፕሌቶች ግን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። በዚህ ምክንያት በያጁ በአንድ መወጣጫ ላይ ቆሞ ሁለት በጣም የተለያዩ ሥራዎችን እያፈራረቀ መሥራት ነበረበት። ለፕሌቱ የሚጠቀምበት ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ እንደ ዓይነቱ ከ90 እስከ 140 አምፔር ይፈልጋል፤ ለቱቦላሬው የሚጠቀምበት ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ግን ከ60 እስከ 100 አምፔር ይበቃዋል፣ ለስስ ብረት ደግሞ ወደ ታችኛው ጫፍ መጠጋት ግድ ነው። ከዚህ ላይ የቁም ብየዳና ከራስ በላይ የሚሠራ ብየዳ፣ የቀለጠው ብረት እንዳይንጠባጠብ፣ ከጠፍጣፋው ብየዳ ትንሽ ያነሰ አምፔር ይጠይቃሉ።

ማሽኑ መሬት ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ክብደቱ ቀላል የሆነ ኢንቨርተር (አምፔሩን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ማሽን) ስለሆነ ወደ መወጣጫው ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ብዙ በያጆችም በትከሻ አንጠልጥለው ይወጣሉ። ባለቤቱ ይህን የከለከለው በሁለት ምክንያት ነው፤ ሁለቱንም ትክክል ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አንደኛው ሙቀት ነው። የብየዳ ማሽን የሥራ መጠን የሚገለጸው የአካባቢው ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው በሚል ስሌት ነው፤ 60 በመቶ የተጻፈበት ማሽን በተጻፈው አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ሊበይድ ይችላል ማለት ነው። በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ በመታው ቆርቆሮ አጠገብ የተቀመጠ ማሽን ይህን ልክ አልፎ ይሄዳል። ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው ሐረር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ማንም ይህን አያነሳውም ነበር። ሁለተኛው ምክንያት፣ ማሽኑ ወደ ላይ ሲወጣ ባለ 220 ቮልት ኤክስቴንሽን አብሮት በብረት መዋቅር ላይ መጎተቱ ነው። የተላጠ የኤክስቴንሽን ገመድ በብረት ላይ ከተላጠ የብየዳ ገመድ እጅግ የከፋ አደጋ አለው።

ስለዚህ የብየዳ ገመዱ ረዘመ። 25 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ኬብል በ30 ሜትር ርቀት፣ መሄጃና መመለሻው ሲደመር፣ ወደ 0.042 ኦም የሚጠጋ ተቃውሞ አለው፤ በ100 አምፔር የሚጠፋው ወደ 4 ቮልት ገደማ ነው። አምፔሩን በራሱ የሚጠብቅ ኢንቨርተር ይህን ያለ ችግር ያካክሳል። ገመድ ማስረዘሙ በራሱ ጉዳት አላመጣም፤ ጉዳቱ የመጣው በያጁ ከማሽኑ ቁልፍ በመራቁ ነው።

ችግሩ

በያጁ አምፔር መለወጥ ሲፈልግ ማስኩን አንስቶ «ቀንስ!» ወይም «ጨምር!» እያለ ወደ ታች ይጮኻል፤ ረዳቱ ቁልፉን ያዞራል። ግራይንደር በሚሠራበት ቦታ ድምፅ አይሰማምና በገመድ መሳብ ተስማምተው ነበር፦ አንድ ጊዜ ሲሳብ መቀነስ፣ ሁለት ጊዜ ሲሳብ መጨመር። ዘዴው ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ በማሽኑ በኩል ያለውን የገመድ መሰኪያ አላላው፤ የላላ መሰኪያ ደግሞ ይግላል።

ከጩኸቱ ይልቅ ሥራውን የጎዳው ሌላ ነገር ነው። ሰው ለትንሽ ልዩነት ደጋግሞ መጮኽ ይሰለቸዋል። በያጁም በመጨረሻ ለሁለቱም ሥራ መካከለኛ የሆነ አንድ አምፔር ይዞ መሥራት ጀመረ። ያ መካከለኛ አምፔር ቱቦላሬውን ይበሳል፤ በፕሌቱ ላይ ደግሞ ብየዳው ላይ ላዩን ይተኛል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የተበሳው በዓይን ስለሚታይ ይደፈናል፤ ያልዘለቀው ግን ከላይ ሲታይ ያማረ ነው። ለእኔ የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከመው የማይታየው መጋጠሚያ ነውና።

በመጀመሪያ የተሞከረው

የወርክሾፑ ኤሌክትሪሺያን ያሰበው ቀላል መንገድ ነበር። በማሽኑ ፊት ላይ ያለውን አምፔር መለወጫ ቮልዩም ነቅሎ ሦስቱን እግሮች በሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አስረዘማቸውና ቮልዩሙን በትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ገጠመው። ሽቦዎቹ ከብየዳ ገመዱ ጋር አብረው ስለታሰሩ አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) በበራ ቁጥር አምፔሩ ይዋዥቅ ነበር። ይህን ለመከላከል ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱን፣ ማለትም የጋራውን መስመር፣ ከብረት ሣጥኑ ጋር አገናኘው። መዋዠቁ ቀነሰ፤ ሣጥኑም በመንጠቆ ትራሱ ላይ እየተሰቀለ አገልግሎት ላይ ዋለ።

አንድ ቀን ማሳው (አምፔሩ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት ገመድ) የተያዘበት ቦታ ቀለም ነበረውና መያዣው ፈታ አለ። በያጁ ኤሌክትሮዱን ሲነካው አርኩ በራ፤ ወዲያው ከሣጥኑ የወጣው ቀጭን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨሰ፣ ማሽኑም አምፔሩን መቆጣጠር አቆመ። ሰው አልተጎዳም።

የሆነው ነገር ማሽኑ ተከፍቶ ሲታይ ግልጽ ነው። በዚህ ማሽን የመቆጣጠሪያ ቦርዱ የጋራ መስመር ከብየዳ ውጤቱ ኔጌቲቭ ጋር በቀጥታ ተገናኝቷል። በያጁ ኤሌክትሮዱን በፖዚቲቭ፣ ማሳውን በኔጌቲቭ ስለሚሠራ ሣጥኑና ትራሱ በአንድ ቮልቴጅ ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ሣጥኑ ብረት ላይ ተሰቅሎ ሲውል ምንም አልታየም። ማሳው ሲላቀቅ ግን የብየዳው አምፔር ወደ ማሽኑ የሚመለስበት አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የሣጥኑ መንጠቆ፣ ቀጭኑ ሽቦና የቦርዱ መስመር ነበር። ለጥቂት ሚሊ አምፔር የታሰበ ሽቦ የብየዳ አምፔር ተሸከመ። በቦርዱ ላይ የተቃጠለውን መስመር በወፍራም ሽቦ በመተካት ማሽኑን ማዳን ተችሏል።

በያጁ ዋልታውን ገልብጦ ኤሌክትሮዱን በኔጌቲቭ ቢሠራ ኖሮ ነገሩ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ሣጥኑ ራሱ ከኤሌክትሮዱ ጋር አንድ ሆኖ፣ አርክ በሌለበት ጊዜ ማሽኑ የሚያወጣውን ወደ 70 ቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ይዞ በላብ በራሰ እጅ ውስጥ ይውላል። በድሬዳዋ ሙቀት ጓንቱም ልብሱም እንደሚርስ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከመሥራት በፊት የተለካው

አዲሱ ሥራ የተጀመረው በመለካት ነው። የ220 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲለወጥ በማሽኑ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ በሚያከማቹት አካላት) ላይ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይከማቻል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው ይቆያል። ስለዚህ ማሽኑ ተነቅሎ ከቆየ በኋላ ካፓሲተሮቹ በተለመደው የ220 ቮልት አምፖል በኩል እንዲፈስሱ ተደርጎ፣ ቀሪው ቮልቴጅ በመልቲሜትር ተረጋግጦ ነው እጅ የገባው።

ከዚያ የቮልዩሙ እግሮች አንድ በአንድ ከሦስት ነገሮች ጋር ተለኩ፦ ከብየዳ ውጤቱ ሁለት መሰኪያዎች፣ ከኃይል ሶኬቱ እግሮችና ከማሽኑ ቀፎ ጋር። ከኔጌቲቩ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ተገኘ፤ ከኃይል ሶኬቱ ጋር ግን ግንኙነት አልነበረም። ይህ የሁለተኛው ልኬት ውጤት ሥራው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የወሰነ ነው። ማሽኑ ተሰክቶ ሲለካ ቮልዩሙ 10 ኪሎ ኦም እንደሆነና ከ0 እስከ 5 ቮልት ለቦርዱ እንደሚሰጥ ታወቀ። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ያንኑ ከ0 እስከ 5 ቮልት፣ ከብየዳው ዑደት ጋር በኤሌክትሪክ ሳይገናኙ፣ ከሩቅ መፍጠር ብቻ ነበር።

ይህ መንገድ የሚያገለግለው ለኢንቨርተር ነው። አምፔሩ የሚለወጠው የብረት ኮሩን በእጅ በማንቀሳቀስ በሆነ የድሮ ትራንስፎርመር ማሽን ላይ የሚነካ የመቆጣጠሪያ ቮልቴጅ የለም።

ገመድ ወይስ ገመድ አልባ

ባለቤቱም በያጁም ሲጠይቁ የነበረው ገመድ አልባ ሪሞት ነው። በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ርካሽ ሞጁሎች ተሞክረዋል። በጠረጴዛ ላይ በደንብ ሠሩ፤ አርክ በሚበራበት ቅጽበት ግን መልእክት ይጠፋል። መልእክቱን በመደጋገምና በማረጋገጫ ቁጥር ይህን ማሻሻል ይቻላል። የማይሻሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መልእክት ሲጠፋ ማሽኑ ምን ያድርግ? የመጨረሻውን አምፔር ይያዝ ከተባለ፣ የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ ማሽኑ በከፍተኛው አምፔር ላይ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ወደ ዝቅተኛው ይውረድ ከተባለ ደግሞ በእያንዳንዱ መቆራረጥ አርኩ ይጠፋል። በዚያ ላይ በያጁ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ገመድ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ጎን አንድ ቀጭን ገመድ መጨመሩ ምንም አያከብደውም። ስለዚህ በገመድ እንዲሆን አሳመንኳቸው፤ ባለቤቱ ግን እስከ መጨረሻው ቅር እንዳለው ነው።

የተሠራው መቆጣጠሪያ

የእጅ ሣጥኑ ፕላስቲክ ነው፤ ከውጭ የሚነካ ብረት የለውም። በውስጡ አርዱይኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ቮልዩምና ባትሪ አሉ። ናኖው የቮልዩሙን ቦታ አንብቦ በሰከንድ ወደ 490 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ያወጣል፤ ቁልፉ በጨመረ ቁጥር ምልክቱ በርቶ የሚቆይበት ድርሻ ይጨምራል። በሁለቱ የኬብል ሽቦዎች የሚሄደው ይህ የሚቆራረጥ 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ርቀቱም ሆነ የአርኩ ረብሻ ከ0 እስከ 5 ቮልት በቀጥታ እንደሚላክበት ጊዜ አያዛባውም።

በማሽኑ በኩል ሁለቱ ሽቦዎች የሚያበቁት በፒሲ817 ኦፕቶካፕለር ላይ ነው። ይህ አራት እግር ያለው ትንሽ አካል በውስጡ አንድ ኤልኢዲና ብርሃን የሚቀበል ትራንዚስተር አለው፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ስለሆነ የእጅ ሣጥኑ ገመድ ከብየዳው ዑደት ጋር የሚገናኝበት ሽቦ የለም። በፋብሪካው መግለጫ እስከ 5,000 ቮልት ልዩነት ይችላል። ከተበላሹ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላዮችና ቻርጀሮች ውስጥ በነጻ ይገኛል፤ እኛም ያገኘነው ታይዋን ገበያ ካለ የስልክ ጥገና ቤት ከተጣሉ ቻርጀሮች ነው። ከኤልኢዲው በፊት 330 ኦም ሬዚስተር፣ በጎኑ ደግሞ ሽቦ ተገልብጦ ቢገጠም የሚከላከለው ዳዮድ አለ። ኦፕቶካፕለሩ በተቀመጠበት ሰሌዳ ላይ፣ በሁለቱ ወገን መካከል ያለው መዳብ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ተፍቆ ወጥቷል። ይህ ካልተደረገ የአካሉ 5,000 ቮልት ትርጉም የለውም፤ ኤሌክትሪኩ በዕቃው ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው በሰሌዳው ላይ በተጋገረው የግራይንደር ብናኝ ላይ ይሄዳል።

ከትራንዚስተሩ የሚወጣው ምልክት በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተጣርቶ የተረጋጋ ቮልቴጅ ይሆናል። ማጣሪያው ለውጡን ወደ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል፤ በያጁ አላስተዋለውም።

የማሽኑ የራሱ ቮልዩም በቦታው እንዲቀመጥ ተደርጓል። ከእሱ የሚወጣው ቮልቴጅ በኤልኤም358 አምፕሊፋየር በኩል አልፎ ለኦፕቶካፕለሩ ትራንዚስተር ይሰጣል፤ በዚህ መንገድ የማሽኑ ቁልፍ ጣሪያ ሆነ፣ የእጅ ሣጥኑ ደግሞ ከታች ተነስቶ እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ብቻ ያዛል። ኃላፊው ጠዋት 120 አምፔር ላይ ካስቀመጠው፣ ላይ ያለው ሰው ምንም ቢያዞር ከዚያ አያልፍም። አንድ መቀያየሪያ ደግሞ ማሽኑን ወደ ቀድሞ ሥራው ይመልሰዋል። ኬብሉ ቢቆረጥ፣ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ናኖው ቢቆም ኤልኢዲው ይጠፋና ማሽኑ ወደ ዝቅተኛው አምፔር ይወርዳል።

ከመሰጠቱ በፊት በእጅ ሣጥኑ ሽቦዎችና በብየዳ መሰኪያዎቹ መካከል በ500 ቮልት ሜገር (ሽቦዎች ተነጥለው እንደሆነ በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚለካ መሣሪያ) ተለካ፤ ንባቡ ከመሣሪያው ከፍተኛ ልክ በላይ ሆነ። ከዚያ በወዳደቀ ብረት ላይ እየተበየደ፣ ዲሲ በሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ በቁልፉ ዙሪያ የአምፔር ምልክቶች ተጻፉ። ተራው ክላምፕ ሜትር ኤሲ ብቻ ስለሚለካ ለዚህ አይሆንም። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የያዘው ኬብሉ ነው።

በሥራ ላይ የታየው

በያጁ ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው ሲዞር አምፔር መለወጥን ልማድ አደረገው፤ የቱቦላሬው መበሳትም በጉልህ ቀነሰ። ምልክት ሰጪው ገመድ ከብየዳ ገመዱ ጋር አብሮ ቢታሰርም አምፔሩ አልዋዠቀም።

ያስቸገሩ ነገሮችም ነበሩ። በመጀመሪያ ኃይል ሰጪው የስልክ ፓወር ባንክ ነበር። ፓወር ባንክ የሚወሰድበት ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ መቆጣጠሪያው የሚወስደው ከዚያ በታች ስለሆነ በብየዳ መሀል አምፔሩ ይወድቅ ነበር። በአራት ቻርጅ በሚደረጉ የድንጋይ ባትሪዎች ተተካ። ቁልፉም በወገብ ቀበቶ ላይ እያለ መወጣጫውን ሲነካ ይዞር ስለነበር፣ ከፒቪሲ ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት በዙሪያው ተደረገለት፤ በጓንት ጣት ካልተገባበት አይዞርም። መጀመሪያ የተጠቀምንበት የኔትወርክ ኬብል ደግሞ የብየዳ ፍንጣሪ በስቶት በጎማ በተሸፈነ ኬብል ተለውጧል።

ማንም ያላሰበው ችግር የመጣው ከረዳቱ በኩል ነው። ቁልፍ የሚያዞር ሰው ስላላስፈለገ ልጁ ኤሌክትሮድ ለማቀበልና ስላግ (በብየዳው ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት) ለማራገፍ ወደ ላይ ወጣ። ሥራው ፈጠነ፤ ነገር ግን ከማሽኑና ከብሬከሩ አጠገብ ሰው የሚባል ጠፋ። እስከዚያ ድረስ ማንም ባያስበውም፣ በያጁን ኤሌክትሪክ ቢይዘው ኃይሉን የሚያጠፋው ያ ልጅ ነበር። መቆጣጠሪያው አምፔሩን ወደ ታች ቢያወርድም በኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ አይጠፋም፤ ማሽኑ በርቶ እስካለ ድረስ አለ። ባለቤቱ በእጅ ሣጥኑ ላይ ማጥፊያ እንድጨምር ጠየቀኝ፤ አልተቀበልኩም። ሰው ሕይወቱን የሚጥልበት ማጥፊያ ከቻርጀር በተነቀለ ዕቃና በእጅ በተጣበቀ ሰሌዳ መሠራት የለበትም። በምትኩ ብየዳ በሚሠራበት ጊዜ ከብሬከሩ አጠገብ አንድ ሰው ሌላ ሥራ እየሠራ እንዲቆይ ተስማማን።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ማንኛውንም ተጨማሪ ገመድ ከብየዳ ማሽን ጋር የሚያገናኝ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ማሳው ቢላቀቅ የብየዳው አምፔር በየት ይመለሳል? የእኔ ገመድ ከመንገዶቹ አንዱ ሊሆን ከቻለ ሥራው ገና አልተጀመረም። ይህ ለመቆጣጠሪያ ብቻ የሚሠራ ጥያቄ አይደለም፤ በመኪና ላይ ሲበየድ የባትሪ ገመድ የሚፈታውና ማሳው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ገመድ ሲቆረጥና ባትሪ ሲያልቅ ማሽኑ የሚያደርገው ነገር በንድፉ ላይ መወሰን አለበት፤ በሥራ ላይ እስኪታይ መጠበቅ የለበትም። ለብየዳ ዝቅተኛው አምፔር ትክክለኛ ማረፊያ ነው፤ ለሌላ ማሽን፣ ለምሳሌ ለማቀዝቀዣ ፋን፣ ትክክሉ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል።

ይህ ንድፍ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ አርክ ለሚያስነሱ የቲግ ማሽኖች አልተሞከረም፤ በዚያ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ እንዳለ መውሰድ አይገባም።

ባለቤቱ ውጤቱን አይቶ ለሁለተኛ ማሽኑም እንዲሠራለት አመጣው። በውጭ ሲታይ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ ነው። ሲከፈትና ሲለካ ግን የቮልዩሙ የጋራ መስመር የተገናኘው ከብየዳው ውጤት ጋር ሳይሆን ከኃይል መግቢያው ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ ከሚለውጠው ክፍል) ጋር ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም የቁልፉ እግሮች በቀጥታ ከመስመር ኃይል ጋር ናቸው። በንድፈ ሐሳብ ያው ኦፕቶካፕለር ይህንንም ይለያል። ነገር ግን በእጅ ተፍቆ በተሠራ ሰሌዳ ላይ፣ በላብ በራሰ እጅና በ220 ቮልት መካከል የሚቆመው ያ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ማሽኑን ክዳኑን ዘግቼ መለስኩለት፤ አሁንም ቁልፉ በእጅ ነው የሚዞረው።